ለአባቴ አንደበት የትኛው ክኒን ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ እህል ነጋዴ ናቸው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ደክሟል፣ እግራቸው ግን ተመልሶ በከዘራ ይሄዳሉ። የምንላቸውን ይረዳሉ፤ እሳቸው ግን ከ‹እሺ› ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ‹አይሆንም› ለማለትም ‹እሺ› ነው የሚሉት። የሚገርመው ሐሙስ ማታ ሰው ተሰብስቦ መንዙማ ሲባል አብረው ይላሉ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ። አጎቴ ‹እልህ ይዟቸው እንጂ ምላሳቸውስ ደህና ነው› ይላል። ጫት ቢቅሙ ምላሳቸው ይፈታል የሚልም አለ። ከሆስፒታል ሲወጡ አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲንና አምሎዲፒን ታዘዘላቸው። እንቅልፍ እምቢ ስላላቸው ማታ ማታ ዲያዜፓም እየገዛን እንሰጣቸዋለን። አሁን አንድ ሰው ፒራሲታም ጀምሩላቸው አለን። ጅዳ ያለው ወንድሜ ደግሞ ሜማንቲን የሚባል አግኝቻለሁ፣ ልላክ ወይ ይላል። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአካባቢያችን ጠይቀን አላገኘንም። ክኒኑ ብቻውን ይበቃል ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው? ገንዘባችን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው።»

አጭሩን ላስቀድም። ክኒኑ ብቻውን አይበቃም። ብቻውን ንግግር የሚመልስ ክኒን እስካሁን የለም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ልምምዱ ላይ ይዋል። ደግሞ እናንተ ምን እንጨምር እያላችሁ ስታስቡ እኔን ያስደነገጠኝ በመሃል ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ዲያዜፓም ነው። እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አጎትሽን እናግኛቸው። አባትሽ እልህ አልያዛቸውም፣ ምላሳቸውም አልታሰረም። ምላሱ የደከመ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፣ አወጣጡ ነው የሚወላገድበት፤ ጽፎ ማሳየት ይችላል፣ መንዙማውም ሲወላገድ ይሰማል። የአባትሽ ጣጣ ከምላስ በላይ ነው። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ የሚሠራው በግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ ቀኝ እጅን የሚያዘውም ያው ግራው ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ደም የሚያጠጣቸውም አንድ ትልቅ የደም ሥር ነው። እሱ ሲዘጋ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ። ቃሎቹ እዚያው አሉ፣ ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ፈርሷል። ይህ አፌዥያ ይባላል። ስትሮክ ከሚመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ መጀመሪያ ላይ ይገጥማቸዋል።

በአንድ ቃል መቅረትም እናንተ ቤት የተጀመረ አይደለም። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ የሚባል ሐኪም አንድ በሽተኛ አጋጠመው። ሰውየው የሚባለውን ይረዳል፣ የሚመልሰው ግን «ታን» ብቻ ነው። ስሙ ሌቦርኝ ነበር፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ «ታን» እያለ ነበር የሚጠራው። ሲሞት ብሮካ አንጎሉን አየው፤ ጉዳቱ በግራው በኩል ወደ ፊት ሆኖ ተገኘ። የአባትሽ «እሺ» የዚያ «ታን» ወንድም ነው። ስለዚህ «እሺ» ሲሉ እሺ ማለታቸው ላይሆን ይችላል። ፊታቸውንና እጃቸውን እዩ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ አዎ፣ ወደ ታች ከሆነ አይደለም በሉና ተስማሙ። የመጋዘን ቁልፍም ይሁን የመሬት ጉዳይ፣ በ«እሺ» ብቻ አንድም ነገር አትወስኑባቸው።

መንዙማውን በተመለከተ፦ ለዓመታት አብሯቸው የኖረ፣ በዜማ የታሰረ ግጥም ሲወጣ የሚሄድበት መንገድ «ውሃ ስጪኝ» ብሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከመሥራት ይለያል። ቀኙ የአንጎል ክፍል በዜማው በኩል ያግዛል። ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ቢስሚላህ ማለት፣ የሳምንቱን ቀናት መደርደርም እንደዚያው ነው፤ ሳይፈለጉ ተከታትለው ይወጣሉ። ስድብም አለ። ልጁን በስሙ መጥራት ያቃተው ሰው ሲናደድ ስድቡ ጥርት ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡም ተቀይሞ። አትቀየሙ። ዜማው ግን ሀብት ነው፣ ከታች እንሠራበታለን።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። አባትሽ እህል ነጋዴ ስለሆኑ በሳቸው ቋንቋ ልንገርሽ፦ መድኃኒት እዚህ ቦታ ላይ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ስንዴ አይሆንም። ባልተዘራ ማሳ ላይ ብትበትኚው ብሩን ብቻ ነው የምታጪው። ዘሩ በየቀኑ የሚደረገው የንግግር ልምምድ ነው። እስካሁን በአፌዥያ ላይ የተሞከሩት መድኃኒቶች ተስፋ ያሳዩት በአብዛኛው ከልምምድ ጋር ሲሰጡ ነው፤ ያም ቢሆን በትንንሽ ጥናቶች። ለአፌዥያ ብሎ ሥራው የተረጋገጠለት አንድም ክኒን የለም። ሐኪም ሜማንቲን ሲያዝ ለሌላ በሽታ የተሠራውን ተውሶ ነው፤ ይህን ማወቅ መብታችሁ ነው።

ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት ደግሞ አረሙን መንቀል። ዲያዜፓም አንጎልን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። ማታ የተወሰደው እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከሰውነት ለመውጣት ይዘገያል። ስለዚህ ጠዋት ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብለሽ «ይኼ ምንድነው?» ስትዪ የምትጠይቂው ግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ አንጎል ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዲያዜፓምና መሰሎቹ ከአንጎል ጉዳት በኋላ ማገገምን ሲያዘገዩ ታይተዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልም በዚህ በኩል ይጠረጠራሉ። በዚያ ላይ በከዘራ የሚሄድ ሰው ሌሊት ለውዱእ ሲነሳ ደንዝዞ ቢወድቅስ? ዳሌ ከተሰበረ ስለ ንግግር የሚያወራ አይኖርም።

ግን ወላሂ ዛሬ ማታ ድንገት እንዳታቋርጡት። ለሳምንታት የተወሰደ ዲያዜፓም በአንድ ጊዜ ከቆመ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል፤ በስትሮክ የተጎዳ አንጎል ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ቀስ በቀስ የሚቀነስበትን መጠን ይጻፍላችሁ። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሌላ አንባቢ ካለም ለእሱም ይኸው ነው፤ ራስህ አታቁም፣ የሚቀየርበት ሌላ አማራጭ ካለ ሐኪምህን ጠይቅ።

ፒራሲታም። ይኼን አትግዢ። ከሁሉም ረጅም ታሪክ ያለው እሱ ነው፤ በአፌዥያ ላይ በተደረጉ ጥናቶች መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ጥቅም ታይቶበታል፣ ሲቆይ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። በ1997 የወጣ 927 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ስትሮኩ እንደደረሰ ሰጥቶ ሲያየው በዋናው መለኪያ ለውጥ አላመጣም። የባሰው ነገር ሌላ ነው። ፒራሲታም ደም እንዳይረጋ የማድረግ ጠባይ አለው፤ አባትሽ ደግሞ አስፕሪን ላይ ናቸው። ስትሮኩ ደም በመፍሰስ የመጣ ከሆነማ ጭራሽ ክልክል ነው። ኩላሊት ከደከመም እንዲሁ። መውጫ ወረቀቱን ፈልጊና የሲቲ ስካኑን ውጤት እዪ፤ ደም ረግቶ ነው ወይስ ፈስሶ? አስፕሪን መታዘዙ ረግቶ ነው ያሰኛል፤ ግን በግምት አይሆንም።

ሜማንቲን ትንሽ ይለያል። የተሠራው ለአልዛይመር ነው። በ2009 የወጣ አንድ የስፔን ጥናት ቆየት ያለ አፌዥያ ባላቸው 28 ሰዎች ላይ ሞክሮታል። ግማሾቹ ሜማንቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን ወሰዱ፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ሁሉም ለሁለት ሳምንት የጠነከረ የንግግር ልምምድ ተደረገላቸው። ሜማንቲን የወሰዱት ተሻሉ፤ ከሁሉ የተሻለው ውጤት የተገኘው ግን መድኃኒቱና ልምምዱ በተገናኙበት ጊዜ ነው። ዶኔፔዚል የሚባለው ሌላው የአልዛይመር መድኃኒትም በ2006 በ26 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተመሳሳይ ተስፋ አሳይቷል። 28 እና 26 ሰው ማለት ግን አንድ ሠርግ ላይ ከሚቀመጠው አንድ ረድፍ አይበልጥም። ፍንጭ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም።

ስለዚህ ሜማንቲንን «ሞኝነት ነው» አልልም። በሰው ሻንጣ መጥቶ ያለ ሐኪም መጀመሩ ግን ሞኝነት ነው። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ መጀመሪያ የክሬቲኒን ምርመራ ያስፈልጋል። ከትንሽ ተጀምሮ በየሳምንቱ ይጨመራል። ራስ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ድርቀት፣ አንዳንዴ መደናገር ያመጣል። ዶኔፔዚል ደግሞ የልብ ምትን ስለሚያዘገይ ያለ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አይነካም። ማቅለሽለሽና ተቅማጥም አለው።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ብሮሞክሪፕቲን ተሞክሮ አልሠራም። ሌቮዶፓ አንዳንዱ ጥናት ላይ ሠራ፣ ሌላው ላይ አልሠራም። አምፌታሚን የሚባለው አንጎልን የሚያነቃቃ መድኃኒት በ2001 በ21 ሰዎች ላይ ከንግግር ሕክምና በፊት እየተሰጠ ተሞከረ። ሕክምናው ካለቀ ከሳምንት በኋላ የወሰዱት በልጠው ታዩ፤ በስድስት ወሩ ግን ልዩነቱ የሚያስተማምን አልነበረም። ይኼን ያነሳሁት በጫቱ ምክንያት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የአጎት ልጅ ነው፤ ስለዚህ «ጫት ምላስ ይፈታል» ያለው ሰውዬ ሳያውቀው የአንድ ጥናት ጫፍ ነክቷል። ችግሩ ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል። ግፊት ደግሞ አባትሽን እዚህ ያደረሳቸው ዋና ተጠርጣሪ ነው። በምርቃና ሰዓት የሚፈታው ምላስ የደህናው ሰው ምላስ ነው፤ የፈረሰ መንገድ በምርቃና አይጠገንም። ደግሞ ሐሙስ ማታ ከመንዙማው ጋር ቅጠሉም ቀርቦ ይሆናል ብዬ ብጠረጥር አትቆጪኝ። እንቅልፍ እምቢ ያላቸው በዚያ ይሆን? ማታ በጫት ማንቃት፣ ሌሊት በዲያዜፓም ማስተኛት፤ አንጎላቸው መሃል ላይ ገመድ ሆነ ማለት ነው። ወዳጃውም ዱዓውም አይቅር፣ ሰው ሲሰበሰብ ለሳቸው መድኃኒት ነው፤ ጫቱ ብቻ በሌላው እጅ ይሁን።

እንቅልፍ ማጣት ከድብርትም ሊመጣ ይችላል። ከስትሮክ በኋላ ድብርት ብዙ ነው፤ አፌዥያ ያለበት ሰው ደግሞ «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብሎ መናገር አይችልም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ? ምግብ ይገፋሉ? እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ? እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ፍሉኦክሰቲንና መሰሎቹ ለድብርቱ ይረዳሉ። ያለ ድብርት ለማገገም ብሎ መስጠት ግን አይጠቅምም። ብሪታንያ ውስጥ 3,127 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ለስድስት ወር 20 ሚሊ ግራም ሰጥቶ አየው፤ ማገገምን አልጨመረም፣ ድብርትን ቀነሰ፣ የአጥንት ስብራት ግን አበዛ።

አሁን ማንም እንደ «የንግግር መድኃኒት» የማያያቸው ሦስት ክኒኖች አሉ፤ እቤታችሁ ያሉት። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን፣ ለኮሌስትሮል አቶርቫስታቲን፣ ለግፊት አምሎዲፒን። ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ እስካሁን የተለፋበት ሁሉ በአንድ ጠዋት ይጠፋል፤ እነዚህ የሚሠሩት ያ እንዳይመጣ ነው። ለእኔ የአባትሽ ዋናው የንግግር መድኃኒት የግፊት መድኃኒታቸው ነው። «ግፊቱ ወረደ፣ አቆምነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደሴ ስሠራ ስንቴ እንደሰማሁት! የወረደው ስለወሰዱት ነው። ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ከ130/80 በታች ነው፤ የሳቸውን ልክ ሐኪማቸው ይወስን። ረመዳን ሲመጣም ሦስቱ ክኒኖች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ከፈጡር በኋላ ማድረግ ይቻላል፣ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆኑም። ይጹሙ አይጹሙ የሚለውን ግን ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቡናቸው በጨው ከሆነ ጨው ይቅር። እዚህ ላይ አልደራደርም።

አሁን ዘሩ። የብዙ አገር ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትልቅ ትንተና ጥሩ መሻሻል የታየው በጠቅላላው ከ20 እስከ 50 ሰዓት ልምምድ ያገኙት ላይ መሆኑን አሳይቷል፤ እሱም በሳምንት ብዙ ቀን ተከፋፍሎ፣ የቤት ሥራም ታክሎበት። «ስድስት ወር ካለፈ አለቀ» የሚባለውም ልክ አይደለም። በ2017 የወጣ የጀርመን ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 156 ሰዎች ወስዶ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ለሦስት ሳምንት ሲያሠራቸው ንግግራቸው ተሻሽሏል፤ ወረፋ ሲጠብቁ የቆዩት አልተሻሻሉም። እናንተ ገና በአራተኛው ወር ላይ ናችሁ፤ ፈጣኑ የመጀመሪያው ሦስት ወር አልፏል፣ ጊዜው ግን አልሄደም።

50 ሰዓት ከየት ይመጣል? ከቡና። አቦል ላይ 20 ደቂቃ፣ ቶና ላይ 20፣ በረካ ላይ 20። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ በአሥር ሳምንት 50 ሰዓት ሞላ። ግን ጎረቤት ከመምጣቱ በፊት ይሁን፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፤ አንድ ሰው ብቻ ያውራ፤ ብርሃኑ ያንቺ ፊት ላይ ይረፍ፣ አፍሽን እንዲያዩት። የቡና ሰው ሁሉ ከቦ «እስቲ ስሜን ጥሩኝ፣ ማነኝ እኔ?» የሚለው ፈተና ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። እሱ ልምምድ አይባልም፣ ማዋረድ ነው። እንደ ሕፃን ማባበልም ይቁም። አንድ ነጋዴ አስታውሳለሁ፤ የሚስቱን ስም መጥራት አልቻለም፣ ሠራተኛው ሚዛኑ ላይ በጣቱ ሲጫን ግን አይቶ እጁን በከዘራ መታው። አእምሮው ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ቃሉ ብቻ ነው የቀረው።

አቦል ላይ ስም እንሥራ። የሳቸውን ዕቃ በስልክ ፎቶ አንሺ፦ ሲኒ፣ ሚዛን፣ ጆንያ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ከዘራ፣ የልጆቻቸው ፊት። በአንዴ አሥር ይበቃል። ሲኒውን አሳይተሽ ዝም በይ። በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፤ ረጅም ነው፣ ይጨንቃል፣ ቻዪው። ካልመጣ «ቡና የምንጠጣበት» በይ። ካልመጣ ዓረፍተ ነገሩን ጀምረሽ ተይላቸው፦ «ቡናውን ቅጂልኝ፣ በ…»። አሁንም ካልመጣ የመጀመሪያዋን ፊደል ስጪ፦ «ሲ…»። ፊደላችን እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ አንዷ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዛ ስለምትመጣ ግማሹን ቃል አቀበልሻቸው ማለት ነው። ያም እምቢ ካለ «ሲኒ» ብላችሁ አብራችሁ ሦስቴ በሉ፣ ከዚያ ብቻቸውን ይሞክሩ። ሲስቱ «አይደለም!» አትበይ፤ ትክክለኛውን ቃል ረጋ ብለሽ በይና ቀጥዪ።

ቶና ላይ ግስ። ሰው ሁሉ ስም ብቻ ያስጠናና «ሚዛን፣ ጆንያ» የሚል፣ ግን «መዝኑልኝ» ማለት የማይችል ሰው ይተርፋል። አማርኛ ደግሞ ጓዙን ሁሉ ግሱ ላይ ነው የሚጭነው፤ «መዘንኩ» ሲሉ ማን እንዳደረገው እዚያው አለ። አንድ ግስ ያዢ፣ «መመዘን» እንበል። ማን ይመዝናል? ምን ይመዝናል? «እኔ ጤፍ መዘንኩ።» «አሊ ማሽላ መዘነ።» የሚያውቁትን ሥራ ስለሆነ እጃቸውም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ እጁ ቃሉን ሲጎትተው ታያለሽ። በማግስቱ «መሸጥ»፣ ከዚያ «መጫን»።

በረካ ላይ ዜማው ይምጣ። በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሦስት ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አስተዋወቁ፤ መናገር ያቃተውን ሐረግ በዜማ አስብሎ ቀስ በቀስ ዜማውን መቀነስ። ለወሎ ሰው ይኼን ማስተማር ያሳፍራል። ግን ተጠንቀቂ፤ መንዙማውን ሙሉውን ማስባል ያስደስታቸዋል እንጂ «ውሃ ስጪኝ»ን አያመጣም። ሐረጉን ነው ወደ ዜማው ማስገባት ያለብሽ። ግራ እጃቸውን ይዘሽ ጉልበታቸው ላይ በየፊደሉ እየመታሽ፣ «ው-ሃ ስ-ጪኝ» ብለሽ በሚያውቁት ዓይነት ዜማ አንጎራጉሪ። መጀመሪያ አብራችሁ። ከዚያ መሃል ላይ አንቺ ድምፅሽን አጥፊ። ከዚያ «ምን ልስጥዎት?» ብለሽ ጠይቂና ይመልሱ። ሲለምዱት ዜማው ወደ ንግግር እየቀረበ ይሂድ። አምስት ሐረግ ይበቃል፤ እነሱም የሚጠቅሟቸው፦ ደከመኝ፣ አይሆንም፣ ቡና ጀባ፣ ልውጣ፣ አመመኝ።

ልጅነታቸው ባቲ ወይም ከሚሴ በኩል ሆኖ ኦሮምኛ የሚያውቁ ከሆነም አትከልክሏቸው። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ላይ አንዱ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። የመጣውን ተቀበሉ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ያሉትም አብዛኞቹ እዚያ ናቸው። በየሳምንቱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መመላለስ ግን ልክ አይሆንም፤ አድካሚ ነው፣ ብሩንም ይጨርሰዋል። አንዴ ሂዱ፣ ሦስት አራት ቀን ቆዩ፣ በደንብ ይመርመሩ፣ አንቺ ደግሞ ልምምዱን በዓይንሽ እያየሽ ተማሪ። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ በቪዲዮ ጥሪ ባለሙያው እያየ ያስተካክል። በቪዲዮ የሚሰጥ የአፌዥያ ሕክምና ውጤት እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እስከዚያው ከላይ ያልኩትን ነገ መጀመር ትችያለሽ፤ ማንንም አይጎዳም። ውሃ ሲጠጡ የሚያስላቸውና ትን የሚላቸው ከሆነ ብቻ እሱ ለሐኪም ይቅደም፤ ወደ ሳንባ እየገባ ይሆናል።

እንግዲህ ተራው እንዲህ ይሁን። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ፦ ግፊት፣ ኩላሊት፣ ኢሲጂ፣ የዲያዜፓሙ አቀናነስ፣ የድብርት ጥያቄ። ፒራሲታም የለም። ከዚያ 40 ፎቶ አዘጋጂና ሲሰይሙ በቪዲዮ ቅረጪ፤ 20ዎቹን አለማምጃቸው፣ 20ዎቹን ሳትነኪ ተያቸው። አሥር ሳምንት ሥሩ። እንደገና ቅረጪ። የተለማመዱት ብቻ ከጨመረ ልምምዱ እየሠራ ነው፤ ያልተለማመዱትም ከጨመረ ዕሰየው። ሜማንቲን የሚነሳው ያኔ ነው፤ ሐኪሙ ከተስማማ፣ ኩላሊቱ ከፈቀደ፣ ልምምዱም ካልቆመ። ለ16 ሳምንት ተብሎ በቀን ገደብ ይጀመር፣ በዚያው 40 ፎቶ ይለካ፣ ካልፈየደ በሐኪሙ ይቁም። ሁለቱን በአንድ ቀን አትጀምሩ የምለው የትኛው እንደሠራ ሳታውቁ ዕድሜ ልክ ክኒን ስትገዙ እንዳትኖሩ ነው።

ምን ድረስ ይመለሳሉ? በቀን ቆጥሮ የሚነግርሽ ካለ እየዋሸሽ ነው። የጉዳቱ ስፋትና መጀመሪያ ላይ የነበረው ክብደት ይወስነዋል። የሚባለውን መረዳታቸው ጥሩ ምልክት ነው። አጫጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ሱቃቸው ተመልሰው ዋጋ መነጋገር ግን በአጫጭር ዓረፍተ ነገርም ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። ሁለተኛ ስትሮክ ቢመጣ በንግግር አታውቁትም፣ ንግግሩ አስቀድሞ ሄዷልና። ፈገግ ሲሉ አዲስ ጠመም የሚል ነገር ካለ፣ ደህናው ግራ እጅ ድንገት ከወደቀ፣ የሚባለውን መረዳት ድንገት ካቆሙ፣ ጠበልም ዱዓም መኪና ውስጥ ይሁን፤ ቀጥታ ሆስፒታል።

ወንድምሽ ሜማንቲኑን አይላክ። የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ይላክ፣ ለቪዲዮ ጥሪው ደግሞ የኢንተርኔት ብር። ትርፍ ካለው በሳምንት ሁለት ቀን እሱም በቪዲዮ ይደውልና አንድ ሲኒ ከፍ አድርጎ አባቱን «ይኼ ምንድነው?» ይበላቸው። እስከ አሥር ይቁጠር።